ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ምን ያህል ይቆያል? ምንስ ያጠፋዋል?

አንድ ሰው የተላጨበት ምላጭ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል እንበል። ምላጩን ትንሽ ደም ነክቶት ደርቋል። በደሙ ውስጥ ኤች አይ ቪ ቢኖር፣ ደሙ ከደረቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመቶ ቫይረስ ከ90 እስከ 99 የሚሆነው ሌላ ሰው የመያዝ አቅሙን ያጣል። በደሙ ውስጥ ያለው ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ግን ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በሳምንቱ ምላጩን የሚያነሳው ሰው ደሙን ላያየው ይችላል፤ ቫይረሱ ግን ከነአቅሙ እዚያው ነው። ባገራችን ስለ ምላጭ በተነሳ ቁጥር የሚጠራው ኤች አይ ቪ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ስለ ደረቀ ደም ነው። በሲሪንጅ ውስጥ ሳይደርቅ የቀረ ደም ሌላ ነገር ነው፤ በላቦራቶሪ በተደረገ ምርመራ ኤች አይ ቪ በዚያ ዓይነት ደም ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ ተገኝቷል። እንግዲህ «ቫይረስ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። የትኛው ቫይረስ? በምን ውስጥ? የት ላይ? በምን ያህል ሙቀት? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቫይረስ ከሴል ውጭ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። ያደረ ሾርባ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ እስኪነጋ ሚሊዮን ሊሞላ ይችላል። ቫይረስ ግን እዚያው ሾርባ ላይ ቢያርፍ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሥራ የሚጀምረው ሕይወት ያለው ሴል ውስጥ ሲገባ ነው። እስከዚያው ድረስ በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ ዘረመል ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቅርፊቱ በላይ ስስ የስብ ሽፋን ይደርባሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ዌንዴል ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1935 የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ አጣርቶ ክሪስታል አደረገው። ክሪስታሉን መልሶ አሟሙቶ ጤነኛ ቅጠል ላይ ሲያደርገው ቅጠሉ ታመመ። በጠርሙስ ተዘግቶ የሚቀመጥ ደረቅ ነገር በሽታ ማምጣቱ የዘመኑን ሳይንቲስቶች ግራ አጋባ፤ ስታንሊም በ1946 የኬሚስትሪውን የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋራ።

ቫይረስን ለማጥፋት ታዲያ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማበላሸት ይበቃል፦ የስብ ሽፋን ካለው ሽፋኑን መቅደድ፣ ፕሮቲኑን ቅርጹን ማሳጣት፣ ወይም ዘረመሉን መቆራረጥ። ሳሙና፣ አልኮል፣ በረኪና፣ እሳትና ፀሐይ ሁሉም የሚሠሩት ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሁለቱ ነው።

የስብ ሽፋን ያላቸውን ብዙዎቹን በስም እናውቃቸዋለን፦ ኮሮና፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤች አይ ቪ፣ ኩፍኝ፣ ኢቦላ፣ ማርበርግ፣ የእብድ ውሻ በሽታ። ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅባቸው ፕሮቲኖች የተተከሉት በዚሁ ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ዘረመሉ ደህና ቢሆን እንኳ መግቢያ አያገኝም። ቅቤ የነካ እጅ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሳሙና ሲያገኝ ግን ወዲያው ይለቃል። በቫይረሱ ሽፋን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃ ይስባል፣ ሌላው ጫፍ ስብ። ስብ የሚስበው ጫፍ ሽፋኑ ውስጥ ይሰገሰጋል፣ ሽፋኑ ይፈረካከሳል፣ ስባሪው በውሃው ይወሰዳል። ለዚህ ውድ ሳሙና አያስፈልግም፤ የልብስ ሳሙናም ያደርገዋል። «ፀረ ባክቴሪያ» ተብለው በውድ የሚሸጡትን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከተራ ሳሙና እንደሚበልጡ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች በእጅ መታጠቢያ ሳሙና ውስጥ ገብተው እንዳይሸጡ ከልክሏል። የሚያስፈልገው 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ነው፤ አውራ ጣትን፣ የጣቶችን መሐልና የጥፍርን ሥር ሳይረሱ።

አልኮልም ሽፋኑን ይበትናል፣ ፕሮቲኑንም ያበላሻል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንጹሕ አልኮል የበለጠ ይሠራል ብሎ ነው። ፕሮቲን ቅርጹን እንዲያጣ ውሃም ያስፈልጋል፤ ንጹሕ አልኮል ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ሳኒታይዘር ከ60 በመቶ በላይ አልኮል ይኑረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ተቋማት ያወጣው ቅመራ 80 በመቶ ኤታኖል ነው። አረቄ እዚህ ደረጃ ላይ እምብዛም አይደርስም፤ ዳግም ቢሆንም። መጠጣቱማ ጭራሽ ከነገሩ ጋር አይገናኝም፦ ሰውነት ውስጥ የገባ ቫይረስ ያለው ሴል ውስጥ ነው፣ እዚያ የሚደርስ አልኮል አስቀድሞ ሰውየውን ይገድላል። በኢራን እ.ኤ.አ. በ2020 ከኮሮና እንድናለን ብለው ሜታኖል ያለበት አልኮል የጠጡ ሰዎች በመቶዎች ሞተዋል።

የስብ ሽፋን የሌላቸው ደግሞ አሉ፦ ሕፃናትን የሚያስቀምጠው ሮታ፣ በአንድ ድግስ ላይ ብዙ ሰው የሚያስመልሰው ኖሮ፣ ፖሊዮ፣ ሄፓታይተስ ኤ። እነዚህ ወደ ሰው የሚገቡት በአፍ ነው፤ አንጀት ለመድረስ የጨጓራን አሲድ ማለፍ አለባቸው፣ ያልፉታልም። የጨጓራን አሲድ ያለፈ ቫይረስ ሎሚ ወይም አቼቶ ምንም አያደርገውም። በቆሻሻ ወንዝ ውሃ የለማ ሰላጣ አቼቶ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚለቀው በአብዛኛው አፈሩ ነው። ሳኒታይዘርም ከእነዚህ በአብዛኞቹ ላይ ደካማ ነው፤ ቤት ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ሲገባ በሳኒታይዘር መተማመን አያዋጣም። እጅ መታጠብ ግን እዚህም ይሠራል፣ ምክንያቱ ይለያያል እንጂ፦ ሳሙናው ቫይረሱን አይሰብረውም፣ ከቆዳው ላይ አላቅቆ ለሚፈሰው ውሃ ይሰጠዋል። እንግዳን ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ ማስታጠብ የለመደ ሕዝብ በዚህ በኩል እጁን የቆመ ውሃ ውስጥ ከሚነክር ይሻላል። ሳሙናው አብሮ መቅረብ አለበት።

ፖሊዮ በፍሳሽ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ይህ ጽናቱ ለመቆጣጠሪያ ጠቅሟል። የጤና ሠራተኞች ሕፃን ልምሻ እስኪይዘው ሳይጠብቁ ከከተሞች ፍሳሽ ናሙና ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ እስራኤል በራሃት ከተማ ፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ አንድም ልጅ ሽባ አልሆነም ነበር። በዚያ ማስጠንቀቂያ መነሻ ተጨማሪ ክትባት በዘመቻ ተሰጠ።

ሄፓታይተስ ቢ ይህን ክፍፍል ያደናግራል። የስብ ሽፋን አለው፤ ሆኖም ሽፋኑ በፕሮቲን ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ስለሆነ እንደ ኤች አይ ቪ በድርቀት በቀላሉ አይሸነፍም። በደም ውስጥ ያለው ብዛትም ከፍተኛ ስለሚሆን ዓይን የማያየው ጠብታ ይበቃል። የፀጉር ቤት መቁረጫን በአልኮል ጠረግ አድርጎ መለኮስ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። የጤና ተቋማት መሣሪያ የሚቀቅሉበት ኦቶክሌቭ በግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ 15 ደቂቃ እና ከዚያ በላይ የሚቆየው በምክንያት ነው። ምላጭም የመቁረጫ ጥርስም የራስን ይዞ መሄድ ነው የሚሻለው። ክትባትም አለው፤ ባገራችን ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በሽታ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ተካትቷል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር «ፕላስቲክ ላይ 72 ሰዓት ይቆያል» የሚለው ወሬ ከቫይረሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ከእውነተኛ ጥናት የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚያው ሰሞን ባወጡት ጽሑፍ ቫይረሱን ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ የማይዝግ ብረት ላይ እስከ 48፣ ካርቶን ላይ እስከ 24፣ መዳብ ላይ እስከ 4 ሰዓት አግኝተውታል። ወሬው የዘለለው የጥናቱን ግማሽ ነው። ፕላስቲክ ላይ የነበረው ቫይረስ በየ7 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንስ ነበር። በ72ኛው ሰዓት የቀረው ከመነሻው ከሺህ አንዱ እንኳ አይሞላም። ለዚያውም ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ብዙ ቫይረስ ጨምረውበት፣ ከፀሐይ በራቀ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውት ነው።

ሌላም የተሳሳተ ንባብ ነበር። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ መንገደኞች ክፍሎቻቸውን ከለቀቁ ከ17 ቀን በኋላ፣ ክፍሎቹ ሳይጸዱ በፊት በተወሰደ ናሙና የቫይረሱ ዘረመል ተገኘ። ዜናው ቫይረሱ 17 ቀን ኖረ ተብሎ ተሠራጨ። ምርመራው ግን የሚያየው የዘረመል ቁራጭን ነው፤ ቫይረሱ ተሰብሮ ካለቀ በኋላም ቁራጩ ይቀራል። ሕያው ሴል ላይ ተሞክሮ ሴሉን መያዙ ካልታየ ስለ አቅሙ ምንም ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የተበከለ ዕቃን አንድ ጊዜ በመንካት የሚያዘው ሰው በአጠቃላይ ከ10 ሺህ ከአንድ በታች መሆኑን ገለጸ። እኛ ግን ሙዝ በሳሙና ስናጥብ፣ የብር ኖት ስናሰጣ ከርመናል። የዓለም ከተሞችም አስፋልት ላይ ኬሚካል ሲረጩ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ይህን አልመክርም አለ፣ ኬሚካሉ መንገድ ላይ ያለው ቆሻሻ ላይ ኃይሉን ስለሚጨርስ። በዚያው ጊዜ የሚኒባስ መስኮት «ብርድ ይመታኛል» ተብሎ ተዘግቶ 12 ሰው በአንድ ትንፋሽ ይሄድ ነበር። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። ኩፍኝ ደግሞ ይብሳል፦ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። አየርን የሚያጸዳው የተከፈተ መስኮት ነው።

ሙቀት ሁሉንም ይገዛል። የኮሮና ቫይረስ በ4 ዲግሪ፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ሙቀት፣ ለ14 ቀን ብዙም ሳይቀንስ ሲቆይ በ70 ዲግሪ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠፍቷል። ውሃ ማፍላት የስብ ሽፋን የሌላቸውንም ያጠፋል። እኛ ጋ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፦ ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ገደማ ነው። (ዳሎል ላይ ከ100 ትንሽ ያልፋል፤ ግን እዚያ ውሃው መጀመሪያውኑ አይቀዘቅዝም።) ይህ ሙቀት ለቫይረስ በቂ ነው፤ ጊዜው ነው የሚጨመረው። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል፣ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል።

ብርድ ግን ቫይረስን አይገድልም፤ ያቆየዋል። ላቦራቶሪዎች ቫይረስ ማቆየት ሲፈልጉ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስቀምጡታል። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከሳይቤሪያ በረዷማ አፈር ያወጡት ቫይረስ 30,000 ዓመት ከተቀበረ በኋላ አሜባን መያዝ ችሏል። ፈንጣጣም ከኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 ጠፍቷል፣ በዓለምም በ1977 በሶማሊያ ከታየው ሰው ወዲህ ማንንም በተፈጥሮ አልያዘም፤ በአሜሪካና በሩሲያ ባሉ ሁለት ላቦራቶሪዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አሁንም አለ። ፈንጣጣ በደረቀ የቁስል ቅርፊት ውስጥም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነበር። ባገራችን የነበሩት ባህላዊ ከታቢዎች ከታማሚ ቁስል የወሰዱትን ጤነኛ ሰው ላይ የሚከትቡት በዚሁ ጽናቱ ነው፤ አንዳንዴ አድኗል፣ አንዳንዴ ወረርሽኙን ራሱን አስነስቷል።

ፀሐይ ዘረመሉን ትቆራርጣለች። በጨረሯ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጥቂት በሆነበት ቦታ ቫይረስ ይሰነብታል፤ በደጋ ፀሐይ የተሰጣ አንሶላ ላይ ግን ብዙ አይቆይም። ጥላ የያዘው እጥፋት፣ ወፍራም ምራቅ ወይም ደም ያለበት ቦታ ጨረሩ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ማጠብ ይቀድማል፣ ማስጣት ይከተላል።

ፀሐይና ሙቀት ቫይረስን ማጥፋታቸው ራስ ምታት የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፦ ክትባት ተሸክመው ገጠር የሚወጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። የኩፍኝና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው፤ መንገድ ላይ ከሞተ ልጁ የሚያገኘው ባዶ ጠብታ ነው። የበረዶ ሣጥኑ፣ ቡናማው ጠርሙስ፣ የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት ከ6 ሰዓት በኋላ መጣሉ፣ ሁሉም ይህን ቫይረስ በሕይወት ለማቆየት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ክብ ምልክት አስተውላችሁ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል፣ ከክቡ ጋር ቀለሙ ሲመሳሰል ክትባቱ አይሰጥም። ሠራተኛዋ ከሩቅ የመጣችን እናት «ዛሬ የለም» ብላ ብትመልስ ስንፍና አድርጎ ማየት አይገባም።

በረኪና ፕሮቲኑንም ዘረመሉንም ስለሚያቃጥል የስብ ሽፋን ላለውም ለሌለውም ይሠራል። ገበያ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው። ደም ወይም ትውከት የነካው ቦታ ላይ አንድ ኩባያ በ9 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለተራ ጠረጴዛና የበር እጀታ አንድ በ49 ይበቃል። ቆሻሻው አስቀድሞ በጨርቅ ይነሳ፤ በረኪና ቆሻሻውን እያቃጠለ ስለሚያልቅ ለቫይረሱ አይተርፍም። ከተቀባ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ። የተበጠበጠው ፀሐይ ሳያገኘው በዕለቱ ያልቅ፣ የተረፈው ይደፋ። ከአቼቶ፣ ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ሽንት ቤት ሲታጠብ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ የሚያፈስ ሰው ብዙ ነው።

የስብ ሽፋን ያለው ቫይረስ በሳሙና ይሞታል ማለት በሽታው ቀላል ነው ማለት አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የተከሰተው ማርበርግ ሳሙናም በረኪናም የሚያጠፋው ቫይረስ ነው፤ ለሌሎች አደገኛ የሚያደርገው በታማሚውና በሟቹ ደምና ፈሳሽ ውስጥ በብዛት መገኘቱ ነው። አስከሬን በባዶ እጅ አይታጠብም የሚባለው ለዚህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስም እንዲሁ ነው። ምራቁ ደርቆ ፀሐይ ከመታው ቶሎ ይጠፋል፤ ቁስል ውስጥ ከገባ ግን ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ግን የእርስዎ ናቸው፦ ቫይረሱ ገና ቁስሉ ውስጥ ነው፣ የስብ ሽፋኑንም ሳሙና ይቀድደዋል። ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ከነከስዎ፣ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቡና ሳይነሰንሱበት፣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት። ሰዓት ይያዙ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስልዎ በላይ ረጅም ነው። ከዚያ ውሻው እስኪታመም ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱና ክትባቱን ይጀምሩ።